የተራበው መደብ

መልአኩ ጅቡቲ ከተማ ዳር፣ አምቡሊ ያለውን የአትክልት ቦታ በር ከፍቶ ሲገባ እየሮጠ ነበር። ዘቢደር ሰው ሲሮጥ ካየች መጀመሪያ በልቧ የሚመጣው ሞት ነው። የውሃ ማጠጫውን መሬት ላይ አስቀምጣ ደርቃ ቆመች። ልጇ ፅዮናዊት ትምህርት ቤት አንድ ነገር ሆናለች። ወይም የአማቷ ስኳር ወርዶ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ወድቀዋል።

"ማን ሞተ?" አለችው ገና ሳይደርስባት።

"ማንም አልሞተም! ኧረ ዘቢደር፣ አንድ ቀን እንኳ 'ምን ደስ የሚል ነገር አመጣህ' ብለሽ ጠይቂኝ!"

ከቴምሩ ጥላ ሥር ጋደም ብለው የነበሩት የቦታው ባለቤት ጋሼ ነጅሙዲን ቀና አሉ። አባታቸው የመናዊ፣ እናታቸው የድሬዳዋ ሰው ነበሩና አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው።

"ተይው የኔ ልጅ፣" አሉ። "በዚህ ፀሐይ የሚሮጥ ሰው ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ያፈቀረ። ይኼ ደግሞ እጁ ላይ ምንም አልያዘም።"

ዘቢደር ፊቷ ጋለ። መልአኩ ግን ሽማግሌውን የሰማቸውም አይመስልም። ዓይኑ እሷ ላይ ነበር። ያ አተያዩ ባረፈባት ቁጥር እጇን የት እንደምታደርገው ይጠፋባታል።

"የቅጠሉ ምርመራ ውጤት መጣ፣" አላት። "ጥሩ ነው። ከጥሩም በላይ ነው። ሥራው ለሁለት ዓመት ሊራዘም ነው። ሁለት ዓመት እዚሁ ነኝ!"

ሁለት ዓመት። ዘቢደር ቃሉን ጮክ ብላ ልትደግመው አልደፈረችም። ደስታ ስሙን ሲሰማ የሚሸሽ ይመስላታል።

መልአኩ ከድሬዳዋ የመጣው ሪጅላን ሊያጠና ነው። ሪጅላ ማንም ሳይዘራት፣ ዝናብ ካካፋ በኋላ በየአጥሩ ሥር ብቅ የምትል፣ ቅጠሏ ድብልብል፣ ግንዷ ቀላ ያለ፣ ስትበላ ጎምዘዝ የምትል የዱር ቅጠል ናት። ጅቡቲ ውስጥ ከዓሳና ከሩዝ ጋር የማይበላት የለም። የመልአኩ ድርጅት ማወቅ የፈለገው ይህች የዱር ቅጠል በአትክልት ቦታ ተተክላ ማዳበሪያ ስትበላ ጥቅሟ ይጨምር ወይም ይቀንስ እንደሆነ ነበር። ስለዚህ ሦስት መደብ ተዘጋጀ። አንደኛው የፍየል ፍግ፣ ሁለተኛው ነጩን ማዳበሪያ ዩሪያን አገኘ። ሦስተኛው ከውሃ በቀር ምንም አልተሰጠውም። ዘቢደር የተቀጠረችው ውሃ ለማጠጣትና ቅጠል ለመልቀም ነበር። ባሏ የወደብ ጭነት ሲያመላልስ በጋላፊ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ከሞተ ወዲህ፣ ልጇንና የባሏን እናት የምታኖረው እንዲህ ባለ ሥራ ነው።

"ምን አለ ውጤቱ?" አለችው።

መልአኩ መደቦቹ ዳር ቁጢጥ አለ። "እኔ የፈራሁት ሌላ ነበር። ተክል ሲቸገር፣ ፀሐይ ሲያቃጥለው፣ አፈሩ ሲሰስትበት፣ ራሱን የሚከላከልበትን ነገር ቅጠሉ ውስጥ ይሠራል። እኛ ስንበላው የሚጠቅመንም ያው ነው። ማዳበሪያ ሲጠግብ ደግሞ ይወፍራል እንጂ ያንን ለመሥራት ይሰንፋል። እኔም ይህን ነበር የጠበቅሁት። ግን ፍግ የበላው፣ ዩሪያ የበላውና ምንም ያልበላው እኩል ሆኑ! አየሽ፣ ማዳበሪያው ምንም አልጎዳውም ማለት ነው። አሁን ድርጅቱ ለየአትክልተኛው ማዳበሪያ ያድላል። ሪጅላው ለስኳር ሕመምተኞችና ለነፍሰ ጡሮች ማዕድ ይቀርባል። ሐሙስ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ወዳለው መሥሪያ ቤት ሄጄ ለኃላፊዎቹ አስረዳለሁ፣ ውሉም እዚያው ይፈረማል።"

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከተፈረመ በኋላ ደግሞ የምጠይቅሽ ነገር አለ።"

የዘቢደር ዓይን ሦስተኛው መደብ ላይ ተተክሎ ቀርቶ ነበር። ጆሮዋ ውስጥ የሚጮኸው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ምንም ያልበላው።

በልቶ ነበር።

መልአኩ አባቱ ታመው ወደ ድሬዳዋ በሄደ ጊዜ መደቦቹን ለእሷ አደራ ብሎ ነበር። ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ ወጥቶ ቆየ። ያልተመገበው መደብ በየቀኑ ዓይኗ ሥር ከሳ። ቅጠሉ አነሰ፣ ግንዱ ደም የመሰለ ቀይ ሆነ። ከጎኑ ያሉት ሁለቱ እየፋፉ እሱ ብቻ ከስቶ ሲታይ፣ እንጀራ እናት ቤት ያለ ልጅ መሰላት። ፅዮናዊት ያለ ጊዜዋ ተወልዳ፣ እጇ ላይ ክብደት ያልነበራት ጊዜ ትዝ አላት። ቢሞትስ? መልአኩ ሲመለስ ደርቆ ቢያገኘውስ? ይባረራል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ አታየውም። ስለዚህ ቤቷ ዓሳ ባጠበች ቁጥር እጣቢውን በጀሪካን እየያዘች መጣች። ደም የቀላቀለ፣ ቅርፊት የተንሳፈፈበት እጣቢ። ውሃ ብቻ ስጪው ብሏት የለ? እጣቢም ውሃ ነው ብላ ራሷን አታለለች። መደቡ ወፈረ። እሷም ደስ አላት። መልአኩ በሌለበት ጊዜ የምታበላው ነገር ማግኘቷ ራሱ ደስ አሰኝቷት ነበር። እሱም ሲመለስ፣ የዱር ቅጠል ያለ ማዳበሪያም ይፋፋል ብሎ አለፈው።

"ምን ሆንሽ? ደስ አላለሽም?" አላት።

"ደስ ብሎኛል፣" አለች። ድምፅዋ ግን የሌላ ሰው ነበር።

እሱ እየሳቀ ሄደ። እሷ የዓሳ ሽታ እጇ ላይ ያለ እየመሰላት፣ እጇን ከቀሚሷ ጋር ደጋግማ ስትጠርግ ቆየች።

ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ያለው ቤቷ ስትደርስ እማማ አልጋነሽ ምሳቸውን አቅርበው ይጠብቋት ነበር። አማቷ ስኳር ካገኛቸው ጀምሮ ሪጅላን እንደ ጸሎት በየዕለቱ አይተዉም። ዛሬ ግን ሳህኑን ገፋ አደረጉት።

"ይኼ ቅጠል ሰሞኑን ምን ነካው? ወፍሯል፣ አምሯል፣ ጣዕም ግን የለውም። ሹመት ያገኘ ሰው መሰለ።"

ፅዮናዊት ሳቀች። ዘቢደር የጠቀለለችውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰችው። ያን ቅጠል ከሦስተኛው መደብ ለቅማ ያመጣችላቸው ራሷ ናት።

"እንግዲያው ይተዉት፣ እማማ።"

"እንዴት እተወዋለሁ? ይጠቅማል ብላችሁኝ የለ?" እያሉ አንድ ጉርሻ ጨመሩ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ "ያ የድሬዳዋው ልጅ ሊቀር ነው አሉ።"

"ማን ነገረዎት?"

"ጅቡቲ ነው ያለነው እኮ። አንዱ ካርቲየ ቢያስነጥስ ሌላው ካርቲየ 'ይማርህ' ይላል።" ልጅቷ ውሃ ልትቀዳ እስክትነሳ ጠብቀው ቀጠሉ። "እኔ ክፉ ሴት አይደለሁም፣ ዘቢደር። ወጣት ነሽ። ግን የተማረ ሰው አንድ ቦታ አይቀመጥም። ወይ ይጥልሻል፣ ወይ ይዞሽ ይሄዳል። ከጣለሽ አንቺ ትሞቻለሽ። ይዞሽ ከሄደ የልጄን ልጅ ትወስጂብኛለሽ፤ ያን ጊዜ እኔ እሞታለሁ። እስቲ የትኛውን ልመርቅልሽ?"

ክፉ ይመጣል ብሎ በመፍራት ዘቢደርን የሚተካከላት ሰው አልነበረም። በዚያች ሰዓት ግን እሷና አማቷ እኩል ነበሩ። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባችና ግድግዳው ላይ ተደገፈች።

ዝም ብትልስ? እጣቢውን ያየ የለም። ሐሙስ ውሉ ይፈረማል፣ መልአኩ ሁለት ዓመት ይቀራል። ጠዋት ጠዋት በበሩ ሲገባ ታየዋለች። ያን የሚጠይቃትን ነገር ይጠይቃታል። ሁለት ዓመት ድምፁን ትሰማለች፤ ለእሷ ሁለት ዓመት ዕድሜ ልክ ነው። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወደ ሳሎን ተመለከተች። እማማ አልጋነሽ ጣዕም የሌለውን ቅጠል ዓይናቸውን ጨፍነው በእምነት ያኝኩ ነበር። እንደ እሳቸው ያሉ ስንቶቹ ይሆኑ? ስንቱ ሰው ይጠቅመኛል ብሎ ባዶ ቅጠል ሊያኝክ ነው?

ልቧ መልአኩ እንዲቀር ለመነ። እንባዋ ግን እንደሚሄድ ከእሷ ቀድሞ አውቆ ነበር።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ፣ ወንዶቹ ጫታቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ገብተው መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ዘቢደር ካርቲየ 3 ሄደች። መልአኩ የተከራየውን ክፍል ከውጭ እንጂ አይታው አታውቅም። በሩ ክፍት ነበር። ወረቀቶቹ አልጋው ላይ ተበትነው፣ ነገ የሚለብሰው ሸሚዝ መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሲያያት ወንበሩ እስኪወድቅ ብድግ አለ።

"ግቢ! ፀሐይ ላይ አትቁሚ።"

"አልገባም። ሰው ያያል።"

"ይየን! ከነገ በኋላ ሁሉም ያውቅ የለ?"

"መልአኩ፣ ነገ ያን ነገር እንዳትናገር። ውጤቱ ትክክል አይደለም።"

ፈገግታው አልጠፋም፤ ግራ ብቻ ተጋባ። እሷም ትንፋሽ ሳትወስድ ነገረችው። ስለ እጣቢው፣ ስለ ጀሪካኑ፣ መደቡ እንዴት እንደወፈረ። "ያልበላ ያልከው መደብ ከሁሉም በላይ በልቷል። አንተ የጠገቡትን ብቻ ነው ያስተያየኸው፤ እኩል የሆኑት ለዚያ ነው። የተራበ መደብ አልነበረም።"

መልአኩ ቀስ ብሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከጎረቤት የራዲዮ ዘፈን በሶማልኛ ይሰማል።

"አማትሽ ናቸው አይደል?" አለ በመጨረሻ።

"ምናቸው?"

"ይህን እንድትነግሪኝ ያደረጉሽ። እንድሄድላችሁ። 'ውጤቱ ተበላሸ ካልሽው ተነቅሎ ይሄዳል' ብለውሽ ነው።"

"በፅዮናዊት እምላለሁ..."

"በልጅሽ አትማዪ! አልፈልግህም ማለት አቅቶሽ ከሆነ፣ አልፈልግህም በይኝ። እሰማዋለሁ። ሥራዬን ግን አትንኪብኝ።"

"አልፈልግህም ብልህ ኖሮ እዚህ ድረስ በዚህ ፀሐይ እመጣ ነበር?" ድምፅዋ ተሰበረ። "መልአኩ፣ አንድ ጊዜ አስብ። ዝም ብል እኮ ትቀርልኝ ነበር! ምንም ሳልሠራ፣ ዝም ብቻ ብዬ፣ ሁለት ዓመት የእኔ ነበርክ። ይህን ትቼ ነው የመጣሁት።"

"ታዲያ ለምን? ውሃ ብቻ ብዬሽ አልነበረም? ለምን መገብሽው?"

ዘቢደር በሩን ይዛ ቆመች። የምትናገረው ነገር ትንሽ መሰላት፤ ለእንዲህ ያለ ጥፋት የማይበቃ፣ የሚያሳፍር።

"ቀጭን ነበር፣" አለች። "አንተም አልነበርክም።"

መልአኩ ቀና ብሎ አያት። አንድ ነገር ዓይኑ ውስጥ ሲነሳና መልሶ ሲተኛ አየች። መጀመሪያ ሲተዋወቁ 'እርስዎ' ይላት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት፣ ፍጉን አብረው ሲበትኑ፣ ሳያስበው 'አንቺ' ብሏት ሁለቱም ደንግጠው ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያች አንዲት ቃል ትሞቅ ነበር።

"ይሂዱ፣ ወይዘሮ ዘቢደር፣" አላት። "ሰው ያያል ብለዋል።"

ወደ ቤቷ የሄደችበትን መንገድ አታስታውሰውም። 'ይሂዱ' ያለው ድምፅ እንዴት ጨዋ እንደነበር ግን እያንዳንዱ እርምጃዋ ላይ ትሰማው ነበር። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ሐሙስም አለፈ። ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ነጅሙዲንን የአትክልቱ ቦታ በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ከወትሮው ቀልዳቸው አንዱም ፊታቸው ላይ አልነበረም።

"ተናግሯል፣" አሉ። "እዚያ ሁሉ ሹም ፊት ቆሞ፣ 'ያልተመገበው መደብ ተመግቦ ነበርና ንጽጽሩ ዋጋ የለውም፤ በዚህ ውጤት ለማንም ማዳበሪያ አታድሉ' አላቸው። 'በማን ጥፋት?' ሲሉት፣ 'መደቡን ትቼ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው' አለ። ስምሽን አላነሳም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ምን አለ? ገንዘቡ ቆመ። ዛሬ ማለዳ ከናጋድ ጣቢያ በባቡር ሄደ።"

ዘቢደር አልጮኸችም። ይህን እኮ ከመጀመሪያው ታውቀው ነበር። ከዓመት በፊት፣ በዚያ በር ገብቶ 'እርስዎ ነዎት ውሃ የሚያጠጡት?' ሲላት ጀምሮ እንደሚሄድ ታውቅ ነበር። ክፉ ነገርን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ሲመጣበት አያመውም ይባላል። ውሸት ነው። ሁለት ጊዜ ነው የሚያመው።

"እኔን ምን አለኝ?" አለች ሳታስበው።

ጋሼ ነጅሙዲን ዓይናቸውን ወደ ቴምሮቹ አሸሹ። "እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ የኔ ልጅ። ሁሉም ነገር በጊዜው ነው የሚነገረው።"

ያን ቀን ማጠጫውን ይዛ ቅጠላቸው ተለቅሞ ባዶ በቀሩት መደቦች መካከል ስትመላለስ ዋለች። ውሃ የምታጠጣው ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር። በሩ በነፋስ በተንገጫገጨ ቁጥር ግን ዞር ትላለች፤ ዞር ባለች ቁጥር በራሷ ታፍራለች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እማማ አልጋነሽ ነጠላቸውን ሳያጥፉ በሩ ተንኳኳ። የገቡት ሦስት ናቸው። ፊት የቆሙት የሰበካ ጉባኤው አባል ጋሼ ወልደየሱስ ናቸው። ከኋላቸው ልብስ ሰፊው ባንቴ አለ። ከሁሉ ኋላ፣ ነጭ ሽርጣቸውንና የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ ጋሼ ነጅሙዲን ነበሩ።

"ቤት ለእንግዳ፣ ተቀመጡ፣" አሉ እማማ አልጋነሽ እየተገረሙ።

"አንቀመጥም፣" አሉ ጋሼ ወልደየሱስ። "ጉዳያችን ሳይሰማ መቀመጥ ወግ አይደለም።"

ዘቢደር ጓዳ ውስጥ ነበረች። 'አንቀመጥም' የሚለውን ስትሰማ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ቆመው የሚናገሩ ሽማግሌዎች ምን ይዘው እንደሚመጡ ታውቃለች። ቢሆንም ልቧ መጀመሪያ የሮጠው ወደ ባቡሩ ነው። ተገልብጦ ይሆናል፤ ሊያረዱን ነው የመጡት። ፅዮናዊት እጇን ያዘች። ሁለቱም መጋረጃው ጋ ተጠጉ።

"መልአኩ የሚባለው ልጅ ልኮን ነው፣" ቀጠሉ ጋሼ ወልደየሱስ። "ዘቢደርን ከእርስዎ እንድንጠይቅለት።"

"ከእኔ? እናቷ አይደለሁም። አማቷ ነኝ።"

"ልጁም ያውቃል። 'ባሏን አብራቸው ቀብራ አብራቸው የቀረች ናት፤ ከእሳቸው በቀር የምጠይቀው የለም' አለን።"

እማማ አልጋነሽ ነጠላቸውን ሳቡ። "ታዲያ ሄዷል አይደል? ሥራ አለው?"

ጋሼ ወልደየሱስ ባንቴን አዩ። ባንቴ ኮርኒሱን አየ። የመለሱት ጋሼ ነጅሙዲን ናቸው። "የለውም።"

"ቤትስ?"

"ወላሂ፣ እሱም የለውም።"

"እና ምን ይዞ ነው የመጣው?"

"እኛን።"

ባንቴ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ጋሼ ነጅሙዲን ግን አልሳቁም። "እመቤቴ፣ ልጁ ባቡር ሲሳፈር እንዲህ ይበሉልኝ ብሎኛል። 'ዝም ብትል የእሷ እሆን ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ጠርጥሬ መለስኳት። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው፣ የምትፈልገውን እንደምታጣ እያወቀች እውነት የምትናገር ሴት ከዚህ በፊት አላየሁም። ድሬዳዋ ሥራ ፈልጌ፣ እጄን ሞልቼ እመለሳለሁ። ልጅቷንም፣ እሳቸውንም ከቤታቸው አልነቅልም፤ እኔ ነኝ የምመጣው።' ይኼው። እኔ የመን የሚሉት አገር ደም አለብኝ፣ ለእናንተ ሽምግልና ወግም አልሆን ይሆናል። ግን ያን መደብ አከራይቻለሁና ግማሽ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

መጋረጃው ጀርባ ዘቢደር ትንፋሿን ይዛ የአማቷን ጀርባ ታያለች። ያች ጀርባ በልጃቸው ቀብር ላይ በለቅሶ ስትናጥ አይታታለች። አሁን እንዴት ጠባብ እንደሆነች፣ እንዴት እንዳረጀች ገና ዛሬ አስተዋለች።

"ልጄን አጣሁ፣" አሉ እማማ አልጋነሽ ቀስ ብለው። "ይቺ ልጅ ናት የቀረችኝ። ምራቴ አይደለችም፣ ልጄ ናት። ልጄን ደግሞ በሽማግሌ አፍ ብቻ አልሰጥም። ይህ የበጋው ትኩስ ነፋስ፣ ካምሲኑ፣ ይለፍ። ነፋሱ ጋብ ሲል ራሱ ይምጣ፤ ዓይኑን ልየው።" በእጃቸው ወደ ወንበሮቹ አመለከቱ። "አሁን ተቀመጡ እንጂ፣ እግራችሁ አለቀ።"

ወንበሮቹ ተንኳኩ። ፅዮናዊት የእናቷን ቀሚስ ጎተተች። "እማ፣ እሺ አሉ ወይስ እንቢ?"

"አላውቅም፣" አለች ዘቢደር። እውነቷን ነው። ካምሲን ረጅም ነው። ድሬዳዋ ከእሷ የምታምር፣ የተማረች፣ ልጅ የሌላት ሴት ሞልታለች። ባቡሩ አለ፣ የአባቱ ሕመም አለ፣ ሥራ ሊያጣ ይችላል፣ ሊያፍርና ሊቀር ይችላል። እያንዳንዱን እንደ ልማዷ አንድ በአንድ ፈራችው። ከፍርሃቶቿ ሁሉ ግን አንዱን ከዚህ በፊት አታውቀውም። ደስ እንዳይላት ፈራች።

ግንባሯን በልጇ ፀጉር ላይ ደፍታ ዓይኗን ጨፈነች። ደስ አላት።